ከምርቃና በኋላ ያሉትን ሰዓታት እንዴት ልሻገራቸው?

ባሕር ዳር የምኖር የባጃጅ ሹፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ጫት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ከቀትር በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር እንቅማለን፤ ምርቃናው ሲመጣ ሁላችንም ሚኒስትር ነን። ችግሩ ሲመሽ ነው። እንቅልፍ እንቢ ስለሚል ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ አረቄ ቤት እንገባለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የምወስነው ራሴ አይመስለኝም።

ኮንዶም አልጠፋም። ከመታወቂያዬ ጀርባ ነው፤ ማሸጊያው በመታጠፍ ብዛት ነጭ መስመር አውጥቷል። ባለፈው ቅዳሜ ከማላውቃት ሴት ጋር አድሬ ጠዋት ሳየው እንደታሸገ ነበር። ይህ ሦስተኛዬ ነው።

ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን እንደሚወሰድ ያነበብኩት ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ተመረመርኩ፤ ነፃ ነኝ። ነርሷ ግን «ይህ የቅዳሜውን አይናገርም፤ ከሦስት ወር በኋላ ድገም» አለችኝ። ስለ ቂጥኝና ጨብጥ አፍሬ አልጠየቅኋትም።

ጥር ላይ ሠርጌ ነው። ለእጮኛዬ አሁን ልንገራት ወይስ ሁለተኛውን ውጤት ልጠብቅ? ጫቱን ብተው አረቄው አብሮ ይቀራል ወይስ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማቆም አለብኝ? አንድ ጊዜ ለ11 ቀን አቁሜ ዱካኩ፣ ጫት ሲቀር በእንቅልፍ የሚመጣው ቅዠት፣ መልሶ ጣለኝ። ጠበል እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እገባለሁም። ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ በምን አሳለፋችሁት? የተላቀቃችሁ ካላችሁ ይህችን ብቻ በዝርዝር ንገሩኝ።