«ብላንት አብዶሚናል ትራውማ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ የትኛው ኮድ ይሰጣል?

ጥያቄ (ጀማሪ ኮደር፣ ሜሪላንድ)

ውድ የሙያ ባልደረቦች፣ የሕክምና ኮዲንግ (ሐኪም የጻፈውን ምርመራ ወደ መደበኛ ኮድ የመቀየር ሥራ) ፈተናውን አልፌ ሥራ ከጀመርኩ ገና አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በዚህ ሳምንት አንድ መዝገብ «ያልተገለጸ ኮድ አንቀበልም» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ተመልሶብኛል። ታካሚው መኪና ሲያሽከረክር ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ከጥቂት ሰዓታት ክትትል በኋላ ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። ሐኪሙ በመጨረሻው ምርመራ ላይ «ብላንት አብዶሚናል ትራውማ» (ሳይወጋ በምት ሆድ ላይ የደረሰ ጉዳት) ከማለት በቀር የጨመሩት ነገር የለም። ነርሷ ግን ቀበቶው ያረፈበት ቦታ ላይ ሰንበር እንዳየች ጽፋለች፤ የሲቲ ስካኑ ንባብም «በጉበት ላይ ትንሽ መቀደድ መኖሩን ማስቀረት አይቻልም» ይላል። እኔ ኤስ 39.91 ኤክስ ኤን፣ ማለትም ያልተገለጸ የሆድ ጉዳትን ሰጥቼ ነበር። ኃላፊዬ ግን ወይ የሆድ ግድግዳ ሰንበርን፣ ወይ የጉበት ጉዳትን እንድመርጥ ነግረውኛል። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው?

አንደኛ ምላሽ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ከያዙት መዝገብ አንጻር አልተሳሳቱም። በፊደል ተራ ማውጫው «ትራውማ» የሚለው ቃል ወደ «ኢንጁሪ» (ጉዳት) ይመራዎታል፤ ከዚያ ሥር «ሆድ» የሚለውን ሲከተሉ የሚደርሱት ራስዎ የሰጡት ኮድ ላይ ነው። «ያልተገለጸ» የሚለው ስያሜ የኮደሩን ስንፍና የሚያሳይ አይደለም፤ በመመሪያውም ቢሆን መዝገቡ ከዚያ በላይ ካልተናገረ እንዲህ ያለውን ኮድ መስጠት የተፈቀደ ነው።

ኃላፊዎ ያቀረቧቸው ሁለቱም አማራጮች ግን ችግር አለባቸው። የነርሷ ማስታወሻ ጠቃሚ ፍንጭ ቢሆንም ምርመራን የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ፣ ከእርሱ ብቻ ተነሥቶ የሰንበር ኮድ መስጠት አይቻልም። የጉበቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ታካሚው ተኝቶ ስላልታከመ የሚመለከተው የተመላላሽ ታካሚዎች ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ በመጨረሻ ንባባቸው ያረጋገጡትን ግኝት ኮድ ማድረግ ሲቻል፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይጠረጠራል»፣ «ማስቀረት አይቻልም» የተባለውን ግን እንዳለ አድርጎ መመዝገብ ክልክል ነው። ታካሚው ተኝቶ ታክሞ በመውጫ ማጠቃለያው ላይ ሐኪሙ «የጉበት መቀደድ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ቢጽፉ ኖሮ፣ በሆስፒታሉ በኩል እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠው ነበር። ብዙ ጀማሪ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ነባርም፣ እነዚህን ሁለት ደንቦች ያደባልቃል።

የአደጋውን ውጫዊ መንስኤ እንዳይረሱ፤ ሾፌሩ ከሌላ መኪና ጋር የተጋጨ ከሆነ ቪ 43.52 ኤክስ ኤ ይጨመራል።

ሁለተኛ ምላሽ (ዳላስ)

እኔ ብሆን ከጉዳት ኮድ ይልቅ አር 10.9ን፣ ማለትም ያልተገለጸ የሆድ ሕመምን እመርጥ ነበር። ምንም ነገር እስካልተረጋገጠ ድረስ በምልክቱ መወሰኑ ይሻላል።

አንደኛው ምላሽ ሰጪ

ወንድሜ፣ ሐኪሙ «ከአደጋ በኋላ የሆድ ሕመም» ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር፤ እንዲያውም ሕመሙ በላይኛው የቀኝ ሆድ መሆኑ ከተጻፈ አር 10.11 ይሻላል። እዚህ ግን ሐኪሙ ጉዳት መኖሩን ስለወሰኑ ወደ ምልክቱ መመለስ ከተጻፈው ያነሰ መናገር ይሆናል። በተቃራኒው ኤስ 36.90 ኤክስ ኤን መምረጥም ከተጻፈው አልፎ መሄድ ነው፤ ይህ ኮድ «የትኛው እንደሆነ ባይገለጽም አንድ የሆድ ዕቃ አካል ተጎድቷል» ስለሚል ሐኪሙ የውስጥ አካል ጉዳትን ማንሣት አለባቸው። በዳሌም እንዲሁ ነው፦ ኤስ 39.93 የዳሌ ጉዳት ሲል፣ ኤስ 37.90 በሽንት ወይም በዳሌ ውስጥ አካል ላይ የደረሰን ጉዳት ያመለክታል።

ሦስተኛ ምላሽ (አዲስ አበባ)

በካርድ ክፍልና በጤና መረጃ ሥራ ላይ ለቆየን ሰዎች ይህ ክርክር ትንሽ እንግዳ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም ኤስ 39.9 የሆድን፣ የታችኛውን ጀርባና የዳሌን ያልተገለጸ ጉዳት በአንድነት ይይዛል። አሜሪካ ከጥቅምት 1 ቀን 2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የምትሠራበት ቅጂ ግን ይህንኑ ለአራት ከፍሎ፣ ውጫዊ የመራቢያ አካላትን ለብቻ አውጥቶ፣ የሕክምናውን ደረጃ የምታሳይ ሰባተኛ ፊደል በኮዱ መጨረሻ ጨምሮበታል። ከአገር ቤት ልምድ ይዛችሁ ለምትሄዱ የምትከብዳችሁ ይህቺ ሰባተኛ ፊደል ትመስለኛለች።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ሰባተኛዋ ፊደል ከተነሣ አይቀር፣ ታካሚው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ጉበቱ ላይ መቀደድ ቢረጋገጥ የመጀመሪያውን መዝገብ አስተካክላለሁ? ለኃላፊዬስ ምን ልበል?

አንደኛው ምላሽ ሰጪ

የመጀመሪያው ጉብኝት በዚያን ዕለት በታወቀው ልክ ይቆያል። በሁለተኛው ጉብኝት ለጉበቱ ገና ንቁ ሕክምና የሚሰጠው ከሆነ ፊደሏ «ኤ» ናት፤ «ኤ» የመጀመሪያ ቀጠሮ ማለት ብቻ አይደለችም። ሕክምናው አልቆ በማገገም ላይ እያለ ለክትትል ሲመጣ «ዲ»፣ ጉዳቱ ጥሎት ለሄደ ችግር ሲታከም «ኤስ» ይሆናል። ሐኪሙ የመቀደዱን መጠን እንዲጽፉም ይጠይቁ፤ ጥልቀቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ኤስ 36.114፣ ርዝመቱ ከ10 ጥልቀቱም ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን 36.115፣ ከዚያ ሲያልፍ 36.116 ነው። መጠኑ ካልተጻፈ 36.113 ላይ ይወድቃል፤ እንደገና «ያልተገለጸ» ሊባሉ ነው ማለት ነው።

ለኃላፊዎ ከመከራከር ይልቅ ለሐኪሙ የጽሑፍ ጥያቄ እንዲላክ ያመልክቱ። በጥያቄው የነርሷን ማስታወሻና የሲቲ ስካኑን ንባብ እንዳሉ ጠቅሰው፣ የጉዳቱን ቦታና ዓይነት በሙያዊ ግምታቸው እንዲገልጹ ይጠይቁ፤ ከሚቀርቡት አማራጮች መካከል «ሌላ» እና «መወሰን አይቻልም» የሚሉት መኖር አለባቸው። መልሱን በአፍ የሚያጎርስ ወይም ስለ ክፍያ የሚያነሣ ጥያቄ ግን አይላኩ። ሐኪሙ ጭማሪ ከጻፉ የጻፉበትን ቀን አስፍረው ይፈርሙ፤ ካልጻፉ ኤስ 39.91 ኤክስ ኤ እንዳለ ይቀጥላል፤ የላኩት ጥያቄም ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ።