ወንድሜ ለአራስ ልጁ የጨረቃ መሬት «ካርታ» ገዛ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ቀያሹ (ደብረ ታቦር)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ የገጠር መሬት ልኬታና ምዝገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ዱባይ ያለው ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። በአራስ ልጁ ስም የወጣ የጨረቃ መሬት «ካርታ» ነው። ወርቃማ ማኅተም አለው። ኬክሮስና ኬንትሮስም ተጽፎበታል። ስፋቱ አንድ ኤከር ነው ይላል። «ሙያው የአንተ ነውና እስቲ እይልኝ» አለኝ።

እኔ ለአንድ ገበሬ ደብተር ከመሰጠቱ በፊት ማሳው ላይ እቆማለሁ። አዋሳኞቹ ይጠራሉ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ እየተባለ ይመዘገባል። ቅሬታ ያለው ይሰማል። ይህ ወረቀት ግን አንድም አዋሳኝ የለውም። ሰጪው ማን እንደሆነም አልገባኝም። ወንድሜ በደስታ ነው የገዛው፤ ላስቀይመው አልፈልግም። ውሸት ልነግረውም አልችልም። ጨረቃ ላይ መሬት የመስጠት ሥልጣን ያለው አካል አለ?

የሕግ መምህርት (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ፣ የለም። የጠፈር ሕግ መሠረቱ የ1967ቱ የውጭ ጠፈር ስምምነት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለንደን፣ ሞስኮና ዋሽንግተን ላይ ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ፈርማለች። አንቀጽ 2 ጨረቃን የትኛውም አገር በሉዓላዊነት ስም፣ በመጠቀም፣ በመያዝም ሆነ በሌላ መንገድ የራሱ ሊያደርጋት አይችልም ይላል።

ሻጮቹ «ሕጉ አገርን እንጂ ግለሰብን አልከለከለም» ይላሉ። እርስዎ ግን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ደብተር ዋጋ የሚኖረው ከጀርባው መንግሥት ሲቆም ነው። መንግሥት የራሱ ያልሆነውን ለሰው መስጠት አይችልም። በዚያ ላይ አንቀጽ 6 የግል ድርጅት ጠፈር ላይ ለሚሠራው ሥራ ተጠያቂው አገሩ ነው፤ ፈቃድ መስጠትም መቆጣጠርም አለበት ይላል። የአፖሎ 11 ሰዎች በ1969 ባንዲራ ሲተክሉ እንኳ የአሜሪካ ኮንግረስ በዚያው ዓመት ባንዲራው የይዞታ ጥያቄ አይደለም ብሎ በሕግ አስፍሯል።

አንቀጽ 4ንም እዩት። ጨረቃ ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ ናት። የጦር ሰፈር፣ የመሣሪያ ሙከራ፣ ወታደራዊ ልምምድ ክልክል ነው። ወታደር ለሳይንስ ሥራ ቢሄድ ግን አይከለከልም።

አበበ (ቨርጂኒያ)፦

መምህርት በደንብ አስረድተዋል። እኔ ስለ ድንጋዩ ልጨምር፤ እዚያ ላይ ነገሩ ይለያል። መሬቱ አይሸጥም፣ ድንጋዩ ግን ተሽጧል። የሶቪየቷ መንኮራኩር ሉና 16 በ1970 ከጨረቃ ካመጣችው አፈር ሦስት ቅንጣቶች በ1993 ኒውዮርክ በጨረታ 442,500 ዶላር አወጡ። በ2018 እነዚያው ቅንጣቶች 855,000 ዶላር ተሸጡ። ክብደታቸው 0.2 ግራም ገደማ ነው።

አሜሪካ በ2015 ሕግ አውጥታ ዜጎቿ ከጠፈር ያወጡት ማዕድን የራሳቸው ነው አለች። ሉክሰምበርግ በ2017፣ ኤምሬትስ በ2019፣ ጃፓን በ2021 ተከተሉ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2020 የጨረቃ አፈር ለመግዛት ከአራት ድርጅቶች ጋር ሲዋዋል አንዱ የጠየቀው አንድ ዶላር ነበር። የተፈለገው አፈሩ ብቻ አይመስለኝም። መሸጥ መለወጥ የተለመደ እንዲሆን ነው።

ቀያሹ፦

ተባረኩ። አሁን ገባኝ። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው ያመረተው ጤፍ ግን የራሱ ነው። እስከዚህ ድረስ አይከብደኝም።

የሚከብደኝ የወል መሬቱ ነው። አንድ ቀበሌ የወል ግጦሽ ስንለካ አንድ ሰው ምንጩ አጠገብ እሾህ አጥሮ አገኘን። «መሬቱን አልወሰድኩም፣ ጥጃዎቼ እንዳይረገጡ ነው» አለን። ለነገሩ እውነቱን ነው፤ መሬቱን አልወሰደም። ግን ወደ ውኃው መድረሻ ሌላ መንገድ አልነበረም። ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው በገደሉ በኩል ይዞሩ ነበር። ጨረቃ ላይስ ውኃ አለ ሲባል እሰማለሁ። እዚያ ቀድሞ የደረሰ ቢያጥርስ?

የሕግ መምህርት፦

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። በረዶው ያለው ፀሐይ በማትደርስባቸው የዋልታ ጉድጓዶች ነው። በደቡብ ዋልታ ያለው ሻክልተን የሚባለው ጉድጓድ ስፋቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ፀሐይ ብዙ ጊዜ የማይጠፋባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ውኃና ፀሐይ ጎን ለጎን ያሉበት ቦታ ውስን ነው። ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው።

በ2020 በስምንት አገሮች ፊርማ የተጀመረው የአርጤምስ ስምምነት «የደኅንነት ክልል» የሚባል ነገር አለው። ሥራ ያለበት ቦታ ዙሪያ ይከለላል፤ ሥራው ሲያበቃ ይነሳል፤ ለሌሎች ይነገራል። ይዞታ አይደለም ይላሉ። ክፋት አለው አልልም፤ መንኮራኩር ሲያርፍ የሚበትነው አቧራ የጎረቤትን መሣሪያ ይጎዳል። ግን ምን ያህል ስፋት? የሚለው ቁጥር የለውም። ቻይናና ሩሲያ አልገቡበትም፤ የራሳቸውን ጣቢያ እያቀዱ ነው። የ1979ኙ የጨረቃ ስምምነት ሀብቷን የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ ብሏት ነበር። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ግን አልገቡበትም። በ2024 ሳዑዲ ወጥታ 17 አገር ቀርቷል።

ቪየና ላይ የተባበሩት መንግሥታት የጠፈር ኮሚቴ ከ2021 ጀምሮ ስለ ጠፈር ሀብት የሥራ ቡድን አለው። ኢትዮጵያም የኮሚቴው አባል ናት።

ቀያሹ፦

ትናንት ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። ዝም አለ። ከዚያ «ለልጅቷ ላስቀምጥላት?» አለኝ። አስቀምጥላት፣ ፎቶዋ ጋር ይሁን፣ ካርታ ብለህ ግን አትጥራው አልኩት።

መምህርት፣ ከኢትዮጵያ ቪየና የሚሄዱትን ሰዎች የሚያውቁ ከሆነ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። የክልሉ ስፋት ላይ ሲደርሱ ወደ ውኃው የሚያስገባው መንገድ በስንት ሜትር እንደሚተው አብሮ ይጻፍ። እኛ የወል መሬት ስንለካ መጀመሪያ የምንቸክለው የመንገዱን ችካል ነው። ልምዱን ከፈለጉ እኔም የሥራ ባልደረቦቼም አለን።