ሁለት ባንዲራ በአንድ መድረክ፦ የቱ በየት በኩል ይቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየነው አዳራሽ የማኅበር ዝግጅት አለን። የኢትዮጵያንና የአሜሪካን ባንዲራ መድረክ ላይ እናቆማለን። ደጅ ያለው ምሰሶ ግን አንድ ነው፤ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ብንሰቅል ያስኬዳል? ሁለቱም 3 በ5 ጫማ ናቸው፤ የኢትዮጵያው ዓርማ የለውም። ጠረጴዛውንም ባንዲራ ልናለብሰው አስበናል።

የመድረክ ሰው፦ የደጁን ተዉት። በአሜሪካ የሰንደቅ ዓላማ ሕግ (ርዕስ 4፣ አንቀጽ 7) የሁለት አገር ባንዲራ የሚሰቀለው በየራሱ ምሰሶ፣ ቁመቱ እኩል፣ መጠኑም ተቀራራቢ ሆኖ ነው። በሰላም ጊዜ የአንዱን አገር ከሌላው በላይ መስቀል በአገሮች መካከል ነውር ነው። ደጅ አንዱን ብቻ ስቀሉ፣ ወይም ምሰሶውን ባዶ ተዉት።

መድረክ ላይ የአሜሪካው በተናጋሪው ቀኝ፣ የኢትዮጵያው በግራው ይቆማል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ አዳራሽ የሚያስጌጥ ሰው ፊቱን ወደ መድረኩ አድርጎ ስለሚሠራ የራሱን ቀኝ ይይዛል። መድረኩ ላይ ውጡና ፊታችሁን ወደ ሕዝቡ አዙራችሁ ቀኝ እጃችሁን ዘርጉ፤ የአሜሪካው ቦታ እዚያ ነው። ከተሰብሳቢው ሲታይ ግራ ይሆናል።

ሰፊው፦ 3 በ5 የገበያ ልክ ነው። የኢትዮጵያው በሕግ ወርዱ 1፣ ርዝመቱ 2 ስለሆነ ለ3 ጫማ ወርድ 6 ጫማ ርዝመት ይፈልጋል። የአሜሪካውም ይፋዊ ልክ 1 ለ1.9 ነውና በዚህ አትጨነቁ፤ ሁለቱም 3 በ5 ቢሆኑ ከሩቅ እኩል ይታያሉ። ይልቅ ጠርዙን እዩ። የናስ ቀለበት ያለው ለደጅ ገመድ የተሠራ ነው፤ የአዳራሹ ዘንግ የሚገባበት እጀታ የለውም። ጫፉ ላይ ንስር ያለው ዘንግ ለአሜሪካው፣ ባዶው ለኢትዮጵያው ከሆነ ደግሞ ቁመታቸው ይበላለጣል። ወርቃማ ዘርፍም ወይ ለሁለቱም ይኑር፣ ወይ ለአንዱም አይኑር።

ሕግ አንባቢ፦ ስለ ዓርማው፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 መሐሉ ላይ ዓርማ እንዲኖር ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 654/2001ም ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ዓርማ መጠቀምን ይከለክላል። አሜሪካ ውስጥ የሚከለክላችሁ ሕግ የለም፤ ምርጫው የማኅበሩ ነው። ኤምባሲ ከጠራችሁ ግን ባለዓርማውን አቁሙ፤ አለዚያ የዕለቱ ወሬ እሱ ይሆናል። የአሜሪካው አንቀጽ 7ም የሥርዓት እንጂ የቅጣት ድንጋጌ አይደለም።

የመድረክ ሰው፦ ጠረጴዛውን ረስቼው ነበር። ባንዲራ ላይ ዕቃ አይቀመጥም፣ ለማልበሻም አይውልም። ለማስጌጥ ባለቀለም ጨርቅ ግዙ፤ በአሜሪካው ደንብ ሰማያዊው ከላይ፣ ነጩ መሐል፣ ቀዩ ከታች ይውላል። ባንዲራ የታተመበት የወረቀት ሶፍትም ተጠቅመው የሚጥሉት ነውና ይቅርባችሁ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ባለዓርማውን ከገዛን ግን እንዳንገለብጠው በምን እንለያለን?

ሰፊው፦ አረንጓዴው ከላይ ነው። ኮከቡንም እዩ፤ አንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት አለበት። ሁለት ጫፍ ወደ ላይ ካየ ወይ ተገልብጧል፣ ወይ ሲሰፋ ዓርማው ተዟዙሯል፤ ያኔ ለሻጩ መልሱት።