ዝቅ ላለ ቪትዝ ስፔሰር፦ ስንት ሚሊ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ናቲ ቪትዝ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2003 ቪትዝ ነው፤ በአጭር ሞላ 40 ሚሊ ገደማ ዝቅ ብሏል። ኦርጅናል ቸርኬው 14 በ5.5፣ ኢቲ 45፣ ጎማው 175/65 አር 14 ነበር። አሁን ያገለገለ አሎይ 15 በ6.5 ገዝቻለሁ፤ ጀርባው ላይ ኢቲ 45 እና 73.1 ይላል። ጎማው 195/55 ነው። ፊት ለፊት መሪ ሳዞር ጎማው በውስጥ በኩል አሞርዛቶሩን ይነካል፣ የኋላው ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ አያምርም። ዕቃ ሻጮች 20 ሚሊ ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ማስራቂያ ብረት) ለአራቱም ግዛ እያሉኝ ነው፣ ቶርኖ ቤት ደግሞ በግማሽ ዋጋ እንሠራልሃለን ይላል። የኢቲው ነገር ራሱ በደንብ አልገባኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሶሬሳ መካኒክ

መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ። ኢቲ ማለት ከቸርኬው ስፋት መሀል አንስቶ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሀል ብረት) ላይ እስከሚያርፈው ፊት ድረስ ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ስፔሰር የሚያደርገው ይህን ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው፦ ኢቲ 45 ላይ 20 ሚሊ ስታስገባ ኢቲ 25 ሆነ ማለት ነው።

አንተ ጋ ኢቲው ያው 45 ነው፤ የተለወጠው ስፋቱ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ስለሆነ ቸርኬህ በውስጥም በውጭም 12.7 ሚሊ ሰፍቷል። አሞርዛቶሩን የሚነካው ለዚህ ነው። 20 ሚሊ ከጨመርክ የውጭው ጠርዝ ከኦርጅናሉ 32.7 ሚሊ ወጣ ማለት ነው። ዝቅ ባለ ቪትዝ አራት ሰው ጭነህ ኋላ ላይ ፓራፋንጎው ጎማውን ይልጠዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ መኪናው ዝቅ ማለቱ በጎማውና በአሞርዛቶሩ መሀል ያለውን ክፍተት አይለውጠውም። የአሞርዛቶሩ ታችኛው አካልና ሞዞው አብረው ነው የሚወጡት የሚወርዱት። ዝቅ ማለቱ የሚያጠበው ከፓራፋንጎው ጋር ያለውን ነው። ግን ከወረደ በኋላ አላይመንት ስታሠራ በአሞርዛቶሩ የታች ሁለት ቡሎኖች ካምበሩን፣ ማለትም የጎማውን ዘመም ማለት፣ ወደ ውስጥ አጋድለውት ከሆነ የጎማው ጫፍ ወደ አሞርዛቶሩ ይጠጋል። ስፔሰር ከመግዛትህ በፊት እሱን አስፈትሽ፣ ምናልባት ግማሹ ችግር እዚያው ይሆናል።

መልስ፦ ጎሚስታው 04

የጎማው ቁጥርም ጥፋተኛ ነው። 175/65 አር 14 ቁመቱ 583 ሚሊ ነው፣ 195/55 አር 15 ግን 595። ዝቅ ባደረግከው መኪና ላይ ጎማውን አሳድገሃል! 185/55 አር 15 ብታስገባ 584 ነው፣ ከኦርጅናሉ ጋር እኩል ማለት ይቻላል፣ 6.5 ቸርኬ ላይም በደንብ ይቀመጣል። በስፋት በኩል በየጎኑ 5 ሚሊ አተረፍክ።

ሌላው ዳዶው ነው። የቶዮታ ኦርጅናል አሎይ ዳዶ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው፣ ወደ ቀዳዳው የሚገባ አንገት ያለው ነው። ከገበያ የተገዛ ቸርኬ ቀዳዳው እንደ ቁና የተሞረደ ከሆነ ጠፍጣፋው አይያዝበትም፤ የጠበቀ ይመስልሃል፣ ከተወሰነ ኪሎሜትር በኋላ ይላላል። ኤም 12 በ1.5 (ለ12 ሚሊ ቡሎን፣ ክሩ በየዙሩ 1.5 ሚሊ)፣ ባለ 60 ዲግሪ ኮን ዳዶ ግዛ።

73.1 ያልከው የመሀል ቀዳዳው ነው። የቪትዝ ሞዞ 54.1 ነው። መሀሉን የሚሞላ ከ73.1 ወደ 54.1 የሚያጠብ ቀለበት ከሌለው ቸርኬው መሀሉን የሚይዘው በዳዶዎቹ ብቻ ነው። አዳማ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ አይታወቅህም፤ ወደ አዲስ በፈጣን መንገዱ 80 እና 100 ስትደርስ መሪው እጅህ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ ሰው ሁሉ ባላንስ ባላንስ ይላል፣ ባላንሱ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ ጋሼ ቶርኖ (ቦኩ)

ስለ ቶርኖው እኔ ልበል። ስፔሰር መጥረብ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ችግሩ ብረቱ ነው። ከተቀለጠ ፒስተንና ከድሮ ሞተር ቁራጭ የፈሰሰ አሉሚኒየም ውስጡ አየር ይይዛል፤ ቡሎኑ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። 6061 ቲ6 የሚባል የአሉሚኒየም ባር ካላመጣህ ማንም ቢሆን አይሥራልህ። ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆን አለባቸው፣ አለበለዚያ ጎማው ይወላገዳል። አራት ሮንዴላ ቡሎኖቹ ላይ ደርድሮ እንደ ስፔሰር መንዳትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቸርኬው በአራት ነጥብ ብቻ ስለሚያርፍ ፊቱ ይታጠፋል።

ሮንዴላ ግን ለመለካት ይጠቅማል። መኪናውን በክሪክ አንሳ፣ ጎማውን አውልቅ፣ እኩል ውፍረት ያላቸው ሮንዴላዎች አስገብተህ ጎማውን መልሰህ በእጅ አጥብቅ፣ መሪውን ከጥግ ጥግ አዙር። በጎማውና በአሞርዛቶሩ መሀል የ5 ሚሊ መሰርሰሪያ ግንድ ሳይጨነቅ ካለፈ በቂ ነው። ለካህ? ሮንዴላውን አውጣ።

20 ሚሊ ላይ የራሱ ቡሎን ያለው ስፔሰር ነው የሚገባው። የሞዞው ቡሎን ከስፔሰሩ አልፎ ከወጣ ግን፣ በተለይ 15 ሚሊ ላይ፣ ቸርኬው በጀርባው በቀዳዳዎቹ መሀል ጎድጎድ ያለ ቦታ ከሌለው አይገጥምም። 10 ሚሊ ደግሞ መሀል ሰፋሪ ነው፦ ለባለቡሎኑ ቀጭን፣ በድሮው ቡሎን ላይ ለሚሰካው ወፍራም። ረዥም ቡሎን በፕሬስ ማስገባት ብቻ ነው መፍትሔው፤ የድሮውን ቡሎን ይዘህ ጥርሱን በካሊበር አስለካና አምሳያውን ግዛ። በመዶሻ አይመታም።

ናቲ ቪትዝ

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ለካሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መኪናው በክሪክ ላይ ቆሞ ያለ ስፔሰር በጣም የሚጠጋበት ቦታ 2 ሚሊ ነው። ዳዶው ያለ ስፔሰር 11 ዙር ይገባል። ካምበሩን አላይመንት ቤት አየሁት፣ አልተነካም። እንግዲህ 5 ሚሊ ይሁን?

መልስ፦ ሶሬሳ መካኒክ

አይሁን። ኤም 12 ቡሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 12 ሚሊ መያዝ አለበት፣ ክሩ 1.5 ስለሆነ 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው። 5 ሚሊ ስፔሰር ከ3 ዙር በላይ ይበላል፤ 11 የነበረው ከ8 በታች ይወርድብሃል። 3 ሚሊ ግን 2 ዙር ነው የሚወስደው፣ 9 ይቀርሃል፣ ክፍተቱም 5 ሚሊ ይሆናል። በዚያ ላይ 185/55 ካስገባህ 10 ይጠጋል። ለፊት 3 ሚሊ በቃህ። የሞዞው የመሀል አንገት ከ3 ሚሊው ስፔሰር አልፎ ቀለበቱን መያዙን ግን እይ፣ እሱ ካልተያዘ ጎሚስታው ያለው መንቀጥቀጥ ይመጣል።

ፊት ላይ ስፔሰር በጨመርክ ቁጥር ጎማው መሪው ከሚዞርበት መስመር በዚያው ልክ ይርቃል፤ 20 ሚሊ ላይ ጉድጓድ ሁሉ መሪውን ከእጅህ ይነጥቃል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይጮኻል። 3 ሚሊ ላይ አይታወቅም።

ለኋላው እኔ ብሆን ምንም አላስገባም፣ ቸርኬው ራሱ 12.7 ሚሊ አውጥቶታል። ለማማር የግድ ካልክ ረዥም ቡሎን ከ10 ሚሊ ጋር፣ ከዚያ በላይ ግን የለም። ከገጠምክ በኋላ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀባና አራት ሰው ጭነህ ብሬከር በሰያፍ አሻግረው። ጠመኔው ጎማው ላይ ከታተመ ይነካል።

ናቲ ቪትዝ

ገባኝ፣ ኋላውን ትቼዋለሁ። የማጥበቂያው ልክስ? ቶርክ ቁልፍ የለኝም።

መልስ፦ ጎሚስታው 04

103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፉ ላይ 21 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው። 70 ኪሎ ሰው ቆሞ ሲረግጠው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ቡሎኑ ይለጠጣል፣ በኋላ መንገድ ላይ ይበጠሳል። የሞዞውን ፊት ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ፋብሪካው ቡሎኑ ላይ የተወው ቀጭን የቆርቆሮ ቀለበት ካለም አውጣው፣ ስፔሰሩ አይተኛበትም። ክሩን ዘይትም ግሪስም አትቀባ። በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ጎማው አየር ላይ እንዳለ ግማሹን፣ መሬት ሲነካ ቀሪውን አጥብቅ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳህ በኋላ ድጋሚ ፈትሽ፤ ወንጂ ደርሰህ መመለስ አይበቃም፣ ጥቂት ቀን እንደነዳህ አድርገው።