ሁለት ባለቤቶች ሲጣሉ ክለቡን የሚያዘው ማነው?

ጠያቂው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ክለብ 50 ለ50 ይዘው ቢጣሉ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ስለ ሊቨርፑል የ2010ሩ ጉድ ስናወራ አንዱ ጓደኛዬ «ባለቤቱ ሳይፈልግ ንብረቱ እንዴት ይሸጥበታል?» ብሎ ድርቅ አለ፣ እኔም መልስ አጣሁለት። አሜሪካውያኑ ባለሀብቶች ሂክስና ጂሌት እኮ ክለቡ ሙሉ በሙሉ የነሱ ነበር። ሊቀመንበሩ በምን ሥልጣን ሸጠው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

ቀዩ፦
ጓደኛህ እዳውን ረስቶታል። ሰዎቹ በ2007 ክለቡን የገዙት በብድር ነው፣ «በ60 ቀን ውስጥ የአዲሱ ስታዲየም ቁፋሮ ይጀመራል» ያሉትም ውሃ በላው። ከዚያ እርስ በርስ ተኳረፉ። በ2008 ጂሌት ድርሻውን ለዱባዮች ልሽጥ ሲል ሂክስ እምቢ አለ። እኩል ድርሻ ጣጣው ይሄ ነው፤ ሁለቱም ማገድ ይችላሉ፣ ብቻውን መወሰን የሚችል ግን የለም።

በ2010 ባንኩ፣ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ማለት ነው፣ ብድሩን ሲያራዝምላቸው ማርቲን ብሮውተን ሊቀመንበር ሆኖ ክለቡ እንዲሸጥ፣ የቦርድ አባል መሾምና መሻርም የሱ ብቻ እንዲሆን አስማማቸው። ስለዚህ ጓደኛህን «ፈርመው ነው ያስረከቡት» በለው።

ኦክቶበር 5 ቦርዱ ሽያጩን ሊወስን ሲል ሂክስ ሁለት የቦርድ አባላትን አስወጥቶ የገዛ ልጁን እና የኩባንያውን ሠራተኛ ሊተካ ሞከረ። ወንበሩ አምስት ነው፣ ቢሳካለት 4 ለ1 ይሆን ነበር። እነ ብሮውተን ከቁብም ሳይቆጥሩት 3 ለ2 ሽያጩን አጸደቁት። ኦክቶበር 13 ለንደን ላይ ዳኛ ፍሎይድ ለቦርዱ ፈረዱ።

ጠያቂው፦
እሺ ገባኝ። ግን የዳላስ ፍርድ ቤት እግድ የሚባለው ምንድነው? የእንግሊዝ ክለብ ቴክሳስ ምን አገባው?

ቀዩ፦
ምንም አያገባውም፣ ሂክስ የዳላስ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ። ለንደን ላይ በተሸነፉበት ቀን እዚያ ሄደው ሽያጩን የሚያግድ ትእዛዝ አወጡ። በማግስቱ ዳኛ ፍሎይድ «ይሄን አንሱ» ብለው አዘዙ፣ ኦክቶበር 15 ክለቡ በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ።

ብርቱካናማው፦
ሁሉም ሊቨርፑል ሊቨርፑል ይላል፣ የሌላው የእንግሊዝ ክለብ የብላክፑል ግን ይብሳል። እዚያ እኩል ድርሻ አልነበረም። አዛዦቹ ኦይስተኖች፣ አባትና ልጅ፣ ነበሩ፣ የላትቪያው ባለሀብት ቤሎኮን የነበረው 20 በመቶ ብቻ። በ2010 ፕሪሚየር ሊግ ገቡ፣ ብር ጎረፈ፣ በዓመቱ ወረዱ። ብሩ ግን ወደ ኦይስተኖች ሌሎች ኩባንያዎች ይሄድ ነበር፣ አንዴ 11 ሚሊዮን ፓውንድ በአንድ ጊዜ! ቤሎኮን የእንግሊዝ የኩባንያ ሕግ አናሳ ባለድርሻን አላግባብ መጉዳትን ይከለክላል ብሎ ከሰሰ፣ በ2017 ረታ። ኦይስተኖች ድርሻውን በ31 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንዲገዙት ተፈረደ። ከፍለው አልጨረሱም፣ በ2019 ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ሾመባቸው፣ ክለቡም ለሌላ ሰው ተሸጠ። ለዓመታት ሜዳ አንገባም ብሎ ያደመው ደጋፊ ተመልሶ ሲሞላው ማየት ነበር።

ዝምተኛው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉ ፍርድ ቤት ለደጋፊ የቆመ ይመስለዋል። አይደለም ባካችሁ። ሊቨርፑል ላይ የታየው ውል ነው፣ ብላክፑል ላይ የባለአክሲዮን ገንዘብ። ቤሎኮን 20 በመቶ ባይኖረው ኖሮ ደጋፊው ቢጮህ ቢጮህ ማን ይሰማው ነበር?

ጠያቂው፦
እውነት ነው። እዳም ከሌለ፣ 50 ለ50 ከሆነ፣ ጭራሽ ካልተስማሙስ?

ዝምተኛው፦
ሲጀምሩ በውላቸው «ካልተግባባን አንዱ የሌላውን ድርሻ በዚህ ዋጋ ይገዛል» የሚል አንቀጽ ካስገቡ በሱ ይጨርሱታል። ካላስገቡ ግን እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤቱ ፍትሐዊ ሆኖ ካገኘው ኩባንያውን እስከማፍረስ ይሄዳል። ለተራ ድርጅት ንብረቱን ሸጦ መካፈል ነው፣ ለክለብ ግን የሊጉ ቦታም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛዎቹ እየተሰዳደቡም ቢሆን መጨረሻ ላይ ይሸጣሉ።