ጥቆማ፦ ለውሻዬ የልብ ኢኮ (አልትራሳውንድ) የት ላሠራ? (ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ)

የሉሉ እናት፦ ሰላም ቤተሰብ። ውሻዬ ሉሉ ዝርያዋ ካቫሊየር ነው፣ 8 ዓመቷ። ለክትባት ስወስዳት ልቧ ላይ ድምፅ ተሰማ። ከ6 ደረጃ 3ኛ ነው፣ ችግሩ ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ (በግራ በኩል ያለው የደም በር) ሳይሆን አይቀርም ተባልኩ። ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ አታስልም። እዚያው ክሊኒክ ራጅ ትነሳ ወይስ የልብ ስፔሻሊስት ጋ ሄጄ ኢኮ ላሠራላት? የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።

አሌክስ፦ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያሉት የኛ ዶክተር ጋ ውሰጃት። ሦስት ውሾቻችንን አሳድገውልናል። በማዳመጫ ብቻ ሰምተው ቁጭ ያደርጉልሻል። ኢኮ ገንዘብ መጣል ነው።

ሜሪ ከቨርጂኒያ፦ እህቴ፣ በማዳመጫ ብቻ እንዳትተማመኚ! የኔ ማልቲስ ሲያስል ጉንፋን ነው ብለው ሽሮፕ ሰጥተው ሸኙኝ። ስማቸውን አልጠራም። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። የመጣው ሂሳብ ደግሞ የቤት ኪራይ ነው የሚያህለው።

ዳኒ፦ የቱ ሆስፒታል ነው? እኛንም እንደዚሁ አድርገውናል።

ሜሪ ከቨርጂኒያ፦ በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ። ገና ውሻውን ሳያዩት ቅድሚያ ክፈሉ አሉን እኮ።

ቤቲ፦ እህል የሌለበት ምግብ ጀምሪላት፣ ለልብ ጥሩ ነው ይባላል።

ሳሚ፦ ልጅቷ ስለ ኢኮ ጠየቀች፤ ሂሳብና የምግብ ከረጢት ተሰጣት። በርቱ፣ ጥፍር ቆራጭም ጠቁሟት እንግዲህ።

ሰላም (እንስሳት ክሊኒክ ነው የምሠራው)፦ ቤቲዬ፣ ምግቡን እንኳን ተዪው። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እህል አልባ ምግብ ከሌላ የልብ ሕመም ጋር ይያያዝ እንደሆነ መመርመር መጀመሩን አስታውቋል። ቫልቭ ግን አይጠግንም።

የሉሉ እናት፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቩ እየወፈረ ሲሄድ በደንብ አይገጥምም። ልብ በመታ ቁጥር ደም ወደ ግራው የላይኛው ክፍል ይመለሳል። ክፍሉ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ የታችኛውም ይከተላል። ውሻዋ ለዓመታት ምንም ላታሳይ ትችላለች። ማዳመጫ መፍሰሱን ይሰማል እንጂ ክፍሉ ምን ያህል እንደሰፋ አይለካም። መድኃኒት የሚወሰነው ደግሞ በስፋቱ ነው።

ልቧ ካልሰፋ የሕመሙ ደረጃ (ከድምፁ ደረጃ የተለየ ነው) ቢ1 ነው፤ መድኃኒት የለም፣ ክትትል ብቻ። የላይኛው ክፍል የአኦርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ) 1.6 እጥፍ ከደረሰ፣ የታችኛውም በክብደቷ ተሰልቶ 1.7 ከሞላ፣ ቢ2 ነው። ያኔ ፒሞቤንዳን የተባለው የልብ መድኃኒት ይጀመራል። በ2016 የወጣው ኤፒክ የተባለው ጥናት መድኃኒቱ የልብ ድካምን በአማካይ 15 ወር ገደማ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። 15 ወር ለውሻ ትልቅ ዕድሜ ነው! ስለዚህ ሳትለኪ አትጀምሪ፣ ሳትለኪም አትተዪ።

ራጅም ከንቱ አይደለም። ልብን ከጀርባ አጥንቶች ጋር አነጻጽሮ ይለካል፣ ከ10.5 አጥንት በላይ ከሆነ ያጠራጥራል። ሳንባን ለማየትማ ዋናው እሱ ነው። አቅም ካለሽ ግን ኢኮውን አስቀድሚ። ስፔሻሊስት ለማግኘት የአሜሪካ የእንስሳት ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ በአካባቢሽ ፈልጊ። ስትጨርሺ ልኬቶቹን በወረቀት ተቀበይ።

አሌክስ፦ የኛ ዶክተር ግን ይህን ሁሉ ያለ ማሽን ያውቁታል።

ሰላም፦ አሌክስ ወንድሜ፣ ጎበዝ ሐኪም መሆናቸውን አምናለሁ። 1.6ን ግን ማንም በጆሮ አይሰማም።

የሉሉ እናት፦ ሰላምዬ ተባረኪ፣ ቁጥሮቹን ጽፌያቸዋለሁ። እስከዚያ ቤት ውስጥ የምከታተለው ነገር አለ?

ሰላም፦ እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ከ30 በታች ደህና ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ለሐኪሟ ደውዪ። ስትተነፍስ ከከበዳት ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ዳኒ፦ ሜሪ፣ የውስጥ መልእክቱ አልደረሰኝም።