የከሰል ጉድጓድ የአየር ሲሙሌሽን፦ ቁጥሩን ልመነው?

የማዕድን ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ከመሬት በታች ያለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የአየር ዝውውር ነው። ዋሻዎቹን በቬንትሲም (የማዕድን ማውጫ አየር ዝውውርን የሚያሰላ ሶፍትዌር) ሣልኩ፣ ማራገቢያውን አስገባሁ። ቁጥሩ ያምራል። ግን በምን ልመነው?

ኩዊንስላንድ ያለሁት፦ ወንድሜ፣ ማማሩን ተወው፣ ወርደህ ለካ! እኛ እዚህ አውስትራሊያ አኔሞሜትር (የአየር ፍጥነት መለኪያ) ይዘን ዋሻው ውስጥ ገብተን ነው ከሞዴሉ ጋር የምናስተያየው። ብዙ ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው የአየር መቆጣጠሪያ በር ነው። ስክሪኑ ላይ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ እታች ስትወርድ ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ተቀዶ አየሩ ሽው ይላል። ሌላ መፈተኛ ልስጥህ። በዚያው ዋሻ የአየሩን መጠን እጥፍ ስታደርገው የሚያስፈልገው ግፊት 4 እጥፍ፣ የማራገቢያው ኃይል 8 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ካልሆነ ግብዓትህን እየው። ከከሰሉ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ ደግሞ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ይፈነዳል። ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ሥር ይከማቻል፤ እንዲህ ያለ ሞዴል ግን የሚያሰላልህ የዋሻውን አማካይ ነው። አማካዩ ደህና ሆኖ ጣሪያው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የማዕድን ተማሪ፦ ኧረ ተባረክ! መለኪያ ከየት ላምጣ እንጂ።

ገልባጭ፦ መለኪያ ካጣህ ገላጣ ቁፋሮ ላይ ሥራ። ሰዓት ይዘህ የኤክስካቫተሩን መጫኛና የሲኖትራኩን ምልልስ መዝግብ፣ ወረፋውን ሲሙሌት አድርግ። ስንት መኪና እንደሚበቃ ታያለህ።